ዕቃ መስሎ የሚገድል ፈንጂ፦ ኢትዮጵያ ስላልገባችበት ስምምነት

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለኢፌዴሪ ፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ እ.ኤ.አ. የ1980ውን የመደበኛ ጦር መሣሪያዎች ስምምነትና የተሻሻለውን ሁለተኛ ፕሮቶኮል ኢትዮጵያ እንድትቀበል ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

መስከረም 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ በሊባኖስ በሺዎች የሚቆጠሩ ፔጀሮች በአንድ ጊዜ ጮኹ። ፔጀር አጭር መልእክት ከመቀበል በስተቀር ሌላ ሥራ የሌለው፣ ሞባይል ስልክ ከመጣ ወዲህ አብዛኛው ዓለም የረሳው መሣሪያ ነው። ከእስራኤል ጋር የሚዋጋው የሊባኖሱ ታጣቂ ድርጅት ሂዝቦላህ ስልኩ እንዳይጠለፍበት ሰግቶ ለአባላቱ ያደለው ይህንኑ ነበር። መልእክቱን ለማንበብ መሣሪያውን ወደ ፊቱ ያስጠጋ ሰው ፈንጂውን ወደ ፊቱ አስጠጋ። አንድ የቤሩት የዓይን ሐኪም በዚያች ሌሊት ያወጣቸው የተጎዱ ዓይኖች በረጅሙ የሙያ ዘመኑ ካወጣቸው እንደሚበልጡ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። በማግስቱ ተራው የእጅ መገናኛ ሬዲዮኖች ሆነ፤ ከፈነዱባቸው ቦታዎች አንዱ ትናንት የሞቱት የሚቀበሩበት ሥነ ሥርዓት ነበር። በሁለቱ ቀናት ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከ3 ሺህ በላይ ቆሰሉ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ይገኙበታል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ሊባኖስ ለማዘን ብቻ አይደለም። እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ጥያቄዬም የሕግ ጥያቄ ነው። የዕለት ተዕለት መገልገያን ለውጦ የጦር መሣሪያ ማድረግ በጦርነት ሕግ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ከተከለከለስ ክልከላው እኛን ይመለከተናል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ግልጽ የሆነ የሕግ አንቀጽ አለ። ሁለተኛውን የምትመልሱት እናንተ ናችሁ፤ ይህን እስከምጽፍበት ጊዜ ድረስ አገራችን አንቀጹ ያለበትን ስምምነት አልተቀበለችምና።

በቅድሚያ አንድ ብዥታ ይጥራ። የጦርነት ሕግ ሰላማዊ ዕቃን ለውጊያ ማዋልን በደፈናው አልከለከለም። ፒካፕ መኪና ላይ መትረየስ የጫነ ተዋጊ በመኪናው ምክንያት ሕግ አልጣሰም። ለሠርግ ቪዲዮ መቅረጫ የሚሸጥ ትንሽ ድሮን ቦምብ አንጠልጥሎ ወደ ምሽግ ቢላክም፣ ድሮኑ ከገበያ ስለተገዛ ብቻ ሕገ ወጥ አይሆንም፤ የሚመዘነው ማንን እንደመታና እንዴት እንደመታ ነው። ሕጉ የሚቆጣው ዕቃው ዕቃ መስሎ እንደተቀመጠ ገዳይ ሲሆን ነው። መትረየስ የተጫነበትን መኪና ያየ ሰው ይሸሻል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠን ፔጀር ማን ይሸሻል? የቤቱ ሕፃን ሲጮህ ሰምቶ ለአባቱ ሊያቀብል ያነሳዋል እንጂ።

የስምምነቱ አባሪ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውና በ1996 የተሻሻለው ሁለተኛ ፕሮቶኮል አንቀጽ 7 የተጻፈው ለዚህ ነው። ንዑስ አንቀጽ 1 ፈንጂ ሊጠመድባቸው የማይገቡ ነገሮችን ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩ ሰው በጦርነት ምን ያህል ክፉ እንደሚያስብ የሚያሳይ መዝገብ ነው ቢባል አይበዛበትም። የሕፃናት መጫወቻ፣ ምግብና መጠጥ፣ ከጦር ሰፈር ውጭ ያለ የማእድ ቤት ዕቃ፣ የሃይማኖት መገልገያ፣ የመቃብር ቦታ፣ በሽተኛ፣ ቁስለኛ፣ ሬሳ፣ እንስሳና የሞተ እንስሳ ገላ ሳይቀር ተጽፎበታል። ማንም ሕግ አውጪ ይህን ከምናቡ አልፈጠረውም፤ እያንዳንዱ ቃል አንድ ጊዜ አንድ ቦታ የተደረገ ነገር ስላለ የገባ ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ምንም ጉዳት የሌለው በሚመስል ተንቀሳቃሽ ዕቃ መልክ፣ ፈንጂ እንዲይዝ ተብሎ ተነድፎ የተሠራን የወጥመድ ፈንጂ ወይም በርቀት ትእዛዝ የሚፈነዳ መሰል መሣሪያ መጠቀምን ይከለክላል። ጥቃቱን የፈጸመችው እስራኤል ይህን ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2000 ተቀብላዋለች። ሕጉ ሌሎች በግድ የጫኑባት ሳይሆን ራሷ ፈቅዳ የገባችበት ነው።

የሮይተርስ የዜና ወኪል ያደረገው ምርመራ እንደሚያሳየው ፈንጂው የተደበቀው በፔጀሩ ባትሪ ውስጥ ነበር። በሁለት የባትሪ ሕዋሳት መካከል 6 ግራም ያህል ኃይለኛ ፈንጂ በስሱ ተነጥፎ፣ ብረት ነክ ነገር ሳይገባበት፣ በራጅ መፈተሻ እንዳይታይ ሆኖ ተሠርቷል። ፔጀሮቹ የታወቀ የታይዋን ኩባንያ የንግድ ምልክት ተለጥፎባቸዋል፤ ኩባንያው ግን ምልክቱን እንዲጠቀም ፈቃድ የሰጠው በቡዳፔስት ለተመዘገበ ሌላ ድርጅት መሆኑን ገልጿል። «ተነድፎ የተሠራ» የሚለውን የሕጉን ቃል ለማሟላት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አንዳንድ የሕግ ሊቃውንት አንቀጹ የሚመለከተው ከመነሻው ፈንጂ ሆኖ የተፈጠረን ዕቃ እንጂ በኋላ ፈንጂ የተጨመረበትን እውነተኛ ዕቃ አይደለም ሲሉ ይከራከራሉ። ክርክሩን አልንቀውም። ነገር ግን ባትሪው ከፋብሪካ የወጣው ፈንጂውን በሆዱ ይዞ ከሆነ በዚህ ጠባብ ትርጉም እንኳ ማምለጫ የለም።

ሁለተኛው ክርክር ፔጀሮቹ የታጣቂ ቡድን መገናኛዎች ስለነበሩ ከመጀመሪያውም ጉዳት አልባ አልነበሩም የሚል ነው። ሕጉ ግን ዕቃው የማን እንደሆነ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ለሚያየው ሰው ምን እንደሚመስል ነው። በተጨማሪም ሂዝቦላህ የጦር ክንፍ ብቻ ያለው ድርጅት አይደለም፤ የፓርላማ አባላት፣ ሆስፒታሎች፣ የበጎ አድራጎት ተቋማት አሉት። በቤሩት የኢራን አምባሳደርም ከቆሰሉት አንዱ ናቸው። ያን ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እያንዳንዱ ፔጀር በማን እጅ እንዳለ፣ የያዘው ሰው ገበያ ውስጥ ይሁን መኪና እየነዳ ወይም ልጁን ታቅፎ፣ ትእዛዙን የላከው ወገን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ቮልከር ቱርክ ከጥቃቱ በኋላ በፀጥታው ምክር ቤት ቀርበው የተናገሩትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ጉዳት የሌለው በሚመስል ተንቀሳቃሽ ዕቃ ፈንጂ መጠቀም በዓለም አቀፍ ሰብአዊ ሕግ የተከለከለ መሆኑን በግልጽ አስታውሰዋል።

ከክርክሮቹ ሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። እንዲህ ይላል፦ ከአንድ ሺህ ኪሎ የአውሮፕላን ቦምብ ጋር ሲነጻጸር 6 ግራም ምንድን ነው? ቦምቡ ሕንፃውን ከነነዋሪው ያፈርሳል፤ ፔጀሩ በአብዛኛው የጎዳው የያዘውን ሰው ነው። እንግዲያውስ ይህ በታሪክ ከታዩት ጥቃቶች ሁሉ የበለጠ ለይቶ የመታ ሊባል ይገባዋል ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ቤሩት በቀጣዮቹ ሳምንታት ያየችውን የአየር ድብደባ ላስታወሰ ሰው ይህ መከራከሪያ ቀላል አይደለም።

መልሱን ለማግኘት ግን ከራሳችን ታሪክ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የከለከለውን እ.ኤ.አ. የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል አጽድቃ ነበር፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1935 ተቀብላዋለች። ከዚያ በኋላ በሰሜን ግንባር በሠራዊቱ፣ በገበሬውና በከብቱ ላይ የዘነበውን እናውቃለን። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ቆመው ሲናገሩ፣ ጋዝ ከመድፍ ይበልጥ ወይስ ያንስ ይገድላል የሚል የሒሳብ ክርክር አላቀረቡም። መርዝ የተከለከለው ሙታን ተቆጥረው በልጠው ስለተገኙ ብቻ አይደለም። በአንድ ጽዋ ውስጥ የተጨመረ መርዝ የሚገድለው ጠጪውን ብቻ ነው፤ ከቦምብም፣ ከመድፍም፣ ከፔጀሩም የበለጠ ይለያል፤ ሆኖም ከጥንት ጀምሮ በጦርነት እርም ነው። አንዳንድ መሣሪያ በሚዛን ላይ አይወጣም። በሲቪሎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከወታደራዊው ጥቅም ጋር የሚመዘንበት የተመጣጣኝነት ስሌት የሚመጣው መሣሪያው ከተፈቀደ በኋላ ነው። ዕቃ መስሎ የሚገድል ፈንጂም በዚሁ ወገን የተመደበ ነው፤ ምክንያቱም የጎዳው የሞተውንና የቆሰለውን ብቻ አይደለም። በዚያ ሳምንት በሊባኖስ ሰዎች ከስልካቸው ራቁ፣ እናቶች ሕፃናት የሚጠብቁበትን መከታተያ ከመሰኪያው ነቀሉ። የቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ፔጀርና የእጅ ሬዲዮን ከበረራ አገደ፤ ትንሽ ቆይቶም ኤሚሬትስ አየር መንገድ በዱባይ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ እነዚህን መሣሪያዎች እንዳይዝ ከለከለ። በዱባይ በኩል ከሚያልፉት መካከል የእኛ እህቶች ስንት እንደሆኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከእኔ የተሻለ ያውቃል።

እነዚህ እህቶች በሊባኖስም አሉ። በቤሩት፣ በሳይዳ፣ በደቡቡ የሊባኖስ ከተሞች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በሺዎች ይቆጠራሉ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር በታሰረበት የካፋላ ሥርዓት የሚኖሩ ናቸው፤ በ2017 መስከረም ጦርነቱ ሲሰፋ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው ሸሽተው መንገድና ባሕር ዳርቻ ላይ ያደሩም ብዙዎች ነበሩ። ጠረጴዛ የሚወለውሉት፣ ልብስ ከማጠባቸው በፊት ኪስ የሚፈትሹት፣ ሶፋ ላይ የተረሳን ዕቃ አንስተው ቦታው የሚያስቀምጡት እነሱ ናቸው። ፈንጂን በቤት ዕቃ ውስጥ መደበቅ የሚፈቀድበት ዓለም ከማንም በፊት የሚያሰጋው የሌላ ሰው ዕቃ በየቀኑ የሚነካ ሠራተኛን ነው።

ከአንባቢዎቼ አንዳንዶቹ በእስራኤል የሚኖሩ መሆናቸውን አልዘነጋሁም። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሂዝቦላህ ወደ ሰሜን እስራኤል በየቀኑ ሮኬት ሲተኩስ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀው እንደነበር፣ ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎላን ኮረብታዎች ባለችው የመጅደል ሸምስ ከተማ የኳስ ሜዳ ላይ ባረፈ ሮኬት 12 ሕፃናትና ታዳጊዎች እንደተገደሉ አውቃለሁ። ሂዝቦላህ እኔ አልተኮስኩትም ብሏል፤ ማስረጃው ግን ወደ እሱ ያመለክታል። ሲቪሎች ላይ ሮኬት መተኮስ የጦር ወንጀል ነው፣ ክርክር የለውም። የጦርነት ሕግ ግን ጠላት ሲጥሰው ሌላውን ነፃ የሚያወጣ ውል አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ጥቃቱን ያጸደቁት እሳቸው መሆናቸውን በኅዳር 2017 ዓ.ም. አምነዋል፤ በጥር መጨረሻም ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት በወርቅ የተለበጠ ፔጀር በስጦታ አበርክተዋል። አንድ መሣሪያ ለፍርድ ቤት በማስረጃነት ከመቅረቡ በፊት የጠረጴዛ ጌጥ ሲሆን፣ ሌሎች መንግሥታት ምን ትምህርት እንደሚወስዱ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ።

ኢትዮጵያ ፀረ-ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት ተቀብላለች፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ታዲያ ያ አይበቃም ወይ? አይበቃም። የኦታዋ ስምምነት የሚከለክለው ሰው ሲረግጠው፣ ሲነካው ወይም ሲጠጋው የሚፈነዳን ፈንጂ ነው። ከሩቅ በሬዲዮ ትእዛዝ የሚፈነዳ መሣሪያ ከትርጉሙ ውጭ ነው። የሊባኖሶቹ ፔጀሮች የፈነዱት እንዲህ ባለ ትእዛዝ ስለሆነ ኦታዋ አይደርስባቸውም። ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው የተሻሻለው ሁለተኛ ፕሮቶኮል ነው።

የወንጀል ሕጋችን ሌላው ጉዳይ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 276 በተከለከለ የውጊያ ዘዴ ወይም መሣሪያ የተጠቀመን ወይም እንዲጠቀሙበት ያዘዘን ይቀጣል። ግን የተከለከለ ማለት ምን ማለት ነው? በኢትዮጵያ ሕግ ወይም ኢትዮጵያ ተካፋይ በሆነችባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች በግልጽ የተከለከለ ማለት ነው። አንቀጹ ሙሉ ክብደቱን የሚያገኘው ከስምምነቶቹ ነው። ነገ አንድ ሰው ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ ወይም ስልክ ውስጥ ፈንጂ ደብቆ በርቀት ቢያፈነዳ፣ ዐቃቤ ሕግ በአንቀጽ 276 ሊከሰው ሲነሳ ጠበቃው የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው ስምምነት?» የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ በ1986 ዓ.ም. የተቀበልናቸው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች አሉ፤ ሲቪልና ተዋጊን መለየትን ያዛሉ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ያሰባሰበው ልማዳዊ ሕግም ሲቪሎችን ከሚስቡ ዕቃዎች ጋር የተያያዘ የወጥመድ ፈንጂን ይከለክላል። ነገር ግን በወንጀል ችሎት ፊት ልማዳዊ ሕግን ማስረዳትና የተጻፈ አንቀጽን መጥቀስ እኩል አይደሉም፤ የኛን ችሎቶች ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱን መዘርዘር አያስፈልግም።

ፕሮቶኮሉን ከሌሎች ስምምነቶች ይልቅ የምፈልግበት አንድ ምክንያት ደግሞ አለ። የተሻሻለው ሁለተኛ ፕሮቶኮል በአገሮች መካከል ለሚደረግ ጦርነት ብቻ የተጻፈ አይደለም። አንቀጽ 1 በአንድ አገር ውስጥ የሚደረግን የትጥቅ ግጭትም ያጠቃልላል፣ በግጭቱ ያሉትን ወገኖች ሁሉ ይገዛል፤ መንግሥትንም፣ ሸማቂንም። ማንን እንደሚጠቅም ወይም እንደሚጎዳ አስቀድሞ ማስላት ለማይቻልበት አገር ከዚህ የተሻለ ሕግ አላውቅም። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች ሕፃናት የወዳደቀ ተተኳሽ አንስተው ሲጫወቱ ሞተዋል፣ አካላቸውን አጥተዋል። ያ ተተኳሽ ቢያንስ የጦር መሣሪያ ይመስል ነበር።

ቸልታችን ከዕቃ ቁጥጥራችን ጋር አለመመጣጠኑም ይገርመኛል። ቦሌ ላይ አንድ ጎብኚ ወፍ ሊያይበት ያመጣውን የሩቅ ማሳያ መነጽር ያለ ፈቃድ ማስገባት አይችልም፤ ድሮንማ አይታሰብም። ስለ ዕቃው እንዲህ ከተጠነቀቅን ስለ ሕጉም ትንሽ እንጠንቀቅ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. የ1980ውን ስምምነት ከተሻሻለው ሁለተኛ ፕሮቶኮልና ከጦርነት የተረፉ ፈንጂዎችን ከሚመለከተው አምስተኛው ፕሮቶኮል ጋር ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ያቅርብ። ስምምነቱን ለመቀላቀል ቢያንስ ሁለት ፕሮቶኮሎችን መቀበል ግዴታ ስለሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ጊዜ መስፈርቱንም የአገራችንንም ፍላጎት ያሟላሉ። ፍትሕ ሚኒስቴር ደግሞ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 276 ከፕሮቶኮሉ አንቀጽ 14 ጋር አስተያይቶ የሚጎድለውን ያዘጋጅ፤ አንቀጽ 14 አባል አገሮች ጥሰቱን በወንጀል እንዲቀጡ ያዛልና። ከዚያ ጉዳዩ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፤ ከጸደቀም በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል።

ስምምነቱን እስከ ዛሬ ያልተቀበልንበት ምክንያት ካለ፣ የመከላከያም ይሁን የበጀት፣ በይፋ ይገለጽልን። ምክንያት ከሌለና ፋይሉ ዝም ብሎ መደርደሪያ ላይ የቀረ ከሆነ ደግሞ፣ ማን ዘንድ እንዳለ ብንነገር መነሻው ለእኛ ለሕግ ባለሙያዎች ይበቃናል፤ የማብራሪያ ሰነዱንና የአማርኛ ትርጉሙን ያለ ክፍያ ለማዘጋጀት ዝግጁ ነኝ፣ ባልደረቦቼም እንደማያሳፍሩኝ አምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሕግ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን